ለልጄ ብዬ ያቆምኩት መድኃኒት

ይህን እንድጽፍ ያስገደደኝ ሰው የለም። እንዲያውም ባለቤቴ ኃይሉ፣ «ያለፈ ነገር መቆፈር ምን ያደርግልሻል፣ ተይው» ብሎኛል። እኔ ግን እርጉዝ ሆና ደረቷ ሲር ሲር የሚል አንዲት ሴት እንኳ ብታነበው፣ እኔ የሄድኩበትን መንገድ ሳትሄድ ትተርፍ ይሆናል ብዬ ቁጭ አልኩ። ሰናይት እባላለሁ። ተወልጄ ያደግኩት ጅግጅጋ ነው፤ የምተዳደረውም እዚያው ገበያ ልብስ በመሸጥ ነው። አስም አለብኝ።

ሳሉ የጀመረኝ በኮሮናው ዓመት ነው። ለሳል ከዚያ የከፋ ጊዜ አይገኝም። ባጃጅ ውስጥ አንዴ ሳስል አጠገቤ የተቀመጠው ሰው ጭምብሉን ወደ ላይ ይስባል፤ ስደግመው ሹፌሩ በመስታወቱ ያየኛል፤ ሦስተኛውን ለማፈን ስታገል እንባዬ ይመጣል። ተመርምሬ ነፃ ተባልኩ። ወረርሽኙ እየቀለለ ሰው ጭምብሉን ሲጥል፣ የእኔ ሳል ግን አልሄደም። ደረቅ ነው፤ ሊነጋ ሲል ይቀሰቅሰኛል። ከምንም በላይ ደግሞ ከድንበር ከተማዋ ከቶጎጫሌ የሚመጣውን የልብስ ቦንዳ ፈትተን ስናራግፍ ይብስብኛል። ብናኙ አፍንጫዬ ውስጥ ገና ሳይገባ ደረቴ በገመድ እንደታሰረ ይጨመደዳል።

ከጎኔ ሱቅ ያላት ሆዳን ናት። ሶማሌ ናት፣ ከልጅነቴ የማውቃት፤ አማርኛዋ ከእኔ የባሰ ፈጣን ነው። አንድ ቀን ቦንዳ ፈትቼ ሳልጨርስ በርጩማ ላይ ተዝለፍልፌ ስቀመጥ አይታ፣ «አባዮ፣ ይሄ ሳል አይደለም፤ ዋላሂ ሌላ ነገር ነው» አለችኝ። አባዮ በእነሱ ቋንቋ እህቴ ማለት ነው። ከዚያን ቀን ጀምሮ የእኔንም ቦንዳ እሷ ትፈታልኝ ጀመር። የራሷን ሥራ ትታ ፊቷን በሻሽ ሸፍና የእኔን አቧራ ስትውጥ እያየሁ ደጅ ቆሜ እጠብቃለሁ። በሽታዬ ሌላ ሰው ላይ ሲያርፍ ያየሁት ያኔ ነው መጀመሪያ።

የመጀመሪያው ክሊኒክ «ብርድ ነው» አለኝ። ሽሮፕ ሰጠኝ። ሁለተኛው «የሳምባ ምች ሊሆን ይችላል» ብሎ መርፌ አዘዘልኝ፤ ወስጄ ጨረስኩ፣ ለጥቂት ቀን የተሻለኝ መሰለኝ፣ ተመለሰ። ደግሞ ሌላ ኪኒን። ጎረቤት ጥቁር አዝሙድ በማር አመጣልኝ፣ ዘመድ ጠበል ወሰደኝ፣ ሆዳን የግመል ወተት አጠጣችኝ። ሁሉንም ተቀበልኩ። አንዱ ክሊኒክ ደግሞ ቲቢን ጠረጠረ፤ አክታ አምጪ ተባልኩ።

የአክታውን ውጤት ስንጠብቅ የሰነበትንበትን ጊዜ አልረሳውም። ማንም ሳያዘኝ ሳህኔንና ኩባያዬን ለየሁ፤ ፎጣዬን ለብቻ ሰቀልኩ። ኃይሉ የጅግጅጋ ቶጎጫሌ ሚኒባስ ሹፌር ነው። ምሳ ሰዓት ሲመጣ ለብቻዬ ማዕድ ይዤ ጥግ ላይ ስቀመጥ አየኝ። እጁን ታጥቦ መጣና ከእኔ ሳህን ይጎርስ ጀመር።

«ኃይልዬ ተው፣ ይይዝሃል!» አልኩት።

«ከያዘኝማ አብረን እንታከማለን» አለና አንድ ትልቅ ጉርሻ አጎረሰኝ።

ቲቢ አልነበረም። ግን ኃይሉ በዚያ ሰሞን የሩቁን መስመር ትቶ ከተማ ውስጥ ብቻ መሥራት ጀምሮ ነበር፣ ድንገት ቢያፍነኝ እንዲደርስልኝ። ተመላልሶ ከሚያገኛቸው ጓደኞቹ፣ ከሚወደው መንገድ ተቆረጠ። ቅሬታ ከአፉ አልወጣም። ቢያማርር ይሻለኝ ነበር። የታመመ ሰው የሚያፍረው በሕመሙ ብቻ አይደለም፤ ሌሎች ሰዎች ዝም ብለው በሚተዉለት ነገር ጭምር ነው።

በመጨረሻ አንድ ሐኪም ዘንድ ቀረብኩ። ጠዋት ገብተን ወረፋው እስከ ከሰዓት በኋላ ቆየ። አግዳሚው ላይ ስቁነጠነጥ አንድ ሽማግሌ፣ ጺማቸውን ሂና የተቀቡ፣ በመስኮቱ በኩል የነበረውን ቦታቸውን ለቀው በምልክት «እዚህ ተቀመጪ፣ ነፋስ አለ» አሉኝ። እሳቸውም ትንፋሽ ያጠራቸው ሰው ነበሩ። እምቢ ለማለት እንኳ ድምፅ አልነበረኝም፤ ተቀመጥኩ።

ሐኪሙ ከሌሎቹ የተለየው ጠያቂ በመሆኑ ነው። ሳሉ መቼ ይብሳል፣ ሥራሽ ምንድን ነው፣ በልጅነትሽ ቆዳሽን ያሳክክሽ ነበር ወይ፣ ከቤተሰብ እንዲህ የሚሆን አለ ወይ። ጀርባዬን በማዳመጫው ረጅም ጊዜ አዳመጠ። ቁጥር የተጻፈበት ቱቦ ሰጥቶ በኃይል አስነፋኝ። ከዚያ መድኃኒት በአፌ እንድስብ አድርጎ፣ አስቀምጦኝ፣ ደግሞ አስነፋኝ። ሁለተኛው ከመጀመሪያው በብዙ በለጠ።

«አስም ነው» አለኝ።

አለቀስኩ። በእኛ ሰፈር አስም ያለባት ሴት ሲባል አንገቷን ደፍታ በር ላይ የምትቀመጥ፣ ለምንም የማትሆን ሰው ነው የሚታሰበው። ሐኪሙ እስክጨርስ ጠበቀኝና፣ «ገበያ ውስጥ አይደለም የምትውይው? ሰው ሌባ! ሌባ! ብሎ ሲጮኽ አይተሽ ታውቂያለሽ?» አለኝ።

«ሁልጊዜ።»

«ጮኸ እንበል፣ ግን ሌባ የለም፤ ተሳስቶ ነው። ሰው ግን ከየሱቁ ይወጣል፣ መንገዱ ይዘጋል፣ ግርግር ይሆናል። የአንቺም ሳምባ ውስጥ እንዲሁ ነው። በደማችን ውስጥ ከበሽታ የሚጠብቁን ነጭ ሕዋሳት አሉ። ያንቺዎቹ የልብሱን ብናኝ ጠላት ይመስላቸዋል። አንዱ ይጮኻል፣ ማለት ኬሚካል ይረጫል፤ ያ ኬሚካል ሌሎቹን ይጠራል። ተሰብስበው ሲቆጡ የአየር ቧንቧሽ ያብጣል፣ አክታ ይሞላዋል፣ ዙሪያውን ያለው ጡንቻ ይኮማተራል። ሲር የሚለው በጠበበው በኩል የሚያልፈው አየር ነው።»

ከዚያ ሁለት በአፍ የሚሳቡ መድኃኒቶች ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ፤ እኛ ፓፍ የምንላቸውን። አንዱ ሰማያዊ፣ አንዱ ቡናማ።

«ሰማያዊው ጡንቻውን ያላላል። ወዲያው ትተነፍሻለሽ። ግን የተቆጡትን ሕዋሳት አይነካቸውም፤ ግርግሩ እዚያው ነው። ቡናማው ስቴሮይድ ይባላል፣ በጣም በትንሽ መጠን፣ ቀጥታ ወደ ሳምባ የሚሄድ። እሱ ነው ሕዋሶቹ ውስጥ ገብቶ ያንን የመጥሪያ ኬሚካል እንዳይሠሩ የሚያደርገው። ጩኸቱን ያስቆማል፤ የተሰበሰቡትም ቀስ በቀስ ይቀንሳሉ። ቀናት፣ አንዳንዴም ሳምንታት ይፈጃል። ስትወስጂው ምንም አይታወቅሽም። ስታቆሚውም መጀመሪያ ላይ ምንም አይታወቅሽም። ችግሩ እሱ ነው።»

ያንን የመጨረሻውን ቃል ያኔ ሰምቼዋለሁ። አልሰማሁም ብዬ አልዋሽም።

ቡናማውን ጠዋትና ማታ መሳብ ጀመርኩ፤ ከሳብኩ በኋላ አፌን እጉመጠመጣለሁ፣ ካልተጉመጠመጡ አፍ ውስጥ ፈንገስ ያወጣል ስላለኝ። ወሩ ሳያልቅ ሌላ ሰው ሆንኩ። ሊነጋ ሲል የሚቀሰቅሰኝ ሳል ጠፋ። ፊቴን ሸፍኜ የራሴን ቦንዳ መፍታት ቻልኩ። ኃይሉም ወደ ቶጎጫሌ መስመሩ ተመለሰ። ጅግጅጋ ፋርማሲ ቡናማው ሲጠፋ ከድሬዳዋ ወይም ከሐረር እየፈለገ ያመጣልኛል። እውነቱን ለመናገር ግን ልቤ የሚወደው ሰማያዊውን ነበር። እሱ ሲያድነኝ ይታወቀኛል። ቡናማው ደግሞ ምን እንደሚሠራ የማላየው፣ ስሙም የሚያስፈራ ነበር።

ከዚያ አረገዝኩ።

ከኃይሉ ጋር ስንጠብቀው የኖርነው ልጅ ነው። ከድሬዳዋ ወዲያ ኤረር ያሉት አማቴ፣ እማማ ዘነበች፣ በስልክ ሲሰሙ እልልታቸው ከስልኩ አልፎ ሱቁን ሞላው፤ ሆዳን ሮጣ መጥታ «ወንድ ነው ሴት?» ብላ ጠየቀች፣ ገና ሁለት ወር ሳይሞላኝ።

የእርግዝና ክትትል የጀመርኩበት ጤና ጣቢያ አግዳሚ ላይ ነው ነገሩ የተበላሸው። ከቦርሳዬ መሐረብ ሳወጣ ቡናማው ፓፍ ወደቀ። አጠገቤ የነበረች ሴት አነሳችልኝና አገላብጣ አየችው። ሆዷ ከእኔ የገፋ፣ ፊቷ ደግ የሆነ ሴት ናት።

«ይሄ ስቴሮይድ ያለበት አይደለም እንዴ?» አለችኝ።

«አዎ፣ ለአስሜ ነው።»

«ውይ! እህቴ፣ እርጉዝ ሆነሽ? እኔ የማውቃት ሴት ስቴሮይድ ወስዳ ልጁ... ብቻ እግዜር ያውጣሽ። እኔ ብሆን ለልጄ ብዬ እችለው ነበር።»

ክፋት አልነበራትም። ዛሬም አልፈርድባትም። የወደቀብኝን ዕቃ አንስታ የሰጠችኝ፣ ውሃዋን ያካፈለችኝ ሴት ናት። ግን «ለልጄ ብዬ እችለው ነበር» የሚለው ቃል ሥጋዬ ውስጥ ገባ። በር አልፌ የጤና ሠራተኛዋ ፊት ስቀመጥ ልጠይቅ አስቤ ነበር። ሠራተኛዋ «ሌላ ችግር አለ?» ስትለኝ ግን «የለም» አልኳት። ከጠየቅኩ «ውሰጂ» የምትለኝ መሰለኝ፤ ውሰጂ ካለችኝ ደግሞ ምቾቴን ከልጄ ያስበለጥኩ እናት የምሆን መሰለኝ። እንግዲህ አስቡት፤ እናትነት ማለት መከራ መቻል ነው ብዬ ነበር የማምነው። በቻልኩ ቁጥር ጥሩ እናት የምሆን ይመስለኝ ነበር።

ቡናማውን አቆምኩ። ለኃይሉ አልነገርኩትም። እሱ እየፈለገ ያመጣልኛል፣ እኔ ተቀብዬ «እግዜር ይስጥልኝ» እላለሁ፣ ሳጥን ውስጥ አስቀምጠዋለሁ።

ሐኪሙ እንዳለው መጀመሪያ ላይ ምንም አልተሰማኝም። «አየሽ፣ ሳያስፈልገኝ ነበር የምወስደው» አልኩ ለራሴ። ከዚያ ሳሉ ተመለሰ። ከዚያ ደረጃ ስወጣ ማረፍ ጀመርኩ፤ እርግዝናው ነው አልኩ። ሰማያዊውን አልፎ አልፎ የነበረውን በየቀኑ፣ ከዚያም በቀን ደጋግሜ መሳብ ጀመርኩ። የበጋው ነፋስ የጅግጅጋን አቧራ ሲያነሳ ከሱቅ መውጣት አቃተኝ።

«አባዮ፣ ያን ሰማያዊ ነገር ዛሬ ስንት ጊዜ ሳብሽው?» አለችኝ ሆዳን።

«አንዴ ነው።»

«አንዴውን እኔ አይቻለሁ። ሳላይሽስ?»

ሳቅኩ። ሳቄም ወደ ሳል ተቀየረ።

እማማ ዘነበች ድምፄን በስልክ ሰምተው፣ «ያ ነፋስ ነው የሚገድልሽ። ኤረር ነይ፣ እዚህ ሙቀት ነው፣ ሎሚና ብርቱካን አለ፣ ወተት አለ፤ አጠገቤ ሆነሽ ትወፍሪያለሽ» አሉኝ። ሟች ባላቸው የባቡር ሠራተኛ ነበሩ፤ ባቡሩ ሲቀር እሳቸው እዚያው ቀሩ። ኃይሉ በራሱ ሚኒባስ በሐረርና በድሬዳዋ አድርጎ ወሰደኝ። ሰባተኛ ወሬን ይዤ ነበር። ሳጥኑ ውስጥ የተጠራቀሙትን ቡናማ ፓፎች ጅግጅጋ ተውኳቸው።

ኤረር ደርሰን ባደርን ማግስት፣ ረፋድ ላይ፣ እማማ ዘነበች ወተት ሊሰጡኝ ቅል አጠቡ። ለእኔ ብለው አዲስ ቅል ነበር ያወጡት። ቅሉን በወይራ ጭስ ሲያጥኑት እኔ ጥላው ሥር ተቀምጬ ነበር። ጭሱ ብዙ አልነበረም። ጤነኛ ሰው ሽታውን ይወደዋል። እኔ ግን ለወራት ያላበረድኩት ደረት ይዤ ነው የተቀመጥኩት።

መጀመሪያ ሳል ነበር። ከዚያ ሳሉም ቆመ፤ ለማሳል የሚበቃ አየር አልነበረኝም። ሰማያዊውን አውጥቼ ስጫነው ፍስስ ብሎ ዝም አለ። ባዶ ነው። አራገፍኩት፣ ደግሜ ተጫንኩት። ባዶ። እማማ ዘነበች ቅሉን ጥለው መጡ፤ «ምን ሆንሽ ልጄ? ምን ሆንሽ?» ይላሉ፤ መልስ መስጠት አልቻልኩም። ጣቶቼ ሰማያዊ ሲሆኑ አይቻለሁ። ከዚያ ሁሉ የማስታውሰው ሆዴን ይዤ ልጄ እንደማትንቀሳቀስ ማሰቤን ነው።

ኃይሉ ተሸክሞ መኪናው ውስጥ አስገባኝ። ጤና ጣቢያው ቅርብ ነበር። እዚያ ያለው የጤና መኮንን የውሃ ፕላስቲክ ቂጡን ቀዶ አዲስ ሰማያዊ ፓፍ ሰካበትና አፌ ላይ አድርጎ፣ «ተንፍሺ፣ ቀስ ብለሽ፣ ደግሞ ተንፍሺ» እያለ ደጋግሞ ረጨልኝ። ኦክስጅን አደረገልኝ። በደም ሥሬም መርፌ ሰጠኝ። የመርፌውን ስም ኃይሉ ጠየቀው።

«ስቴሮይድ ነው» አለ። «የተቆጣውን ሳምባዋን የሚያበርደው እሱ ነው።»

በፓፍ፣ በጥቂቱ፣ አልወስድም ያልኩትን መድኃኒት በአንድ ጊዜ ከፓፉ በብዙ እጥፍ በደሜ ውስጥ አስገቡት። ልጄንም እኔንም ያቆየን እሱ ነው። ያንን ሰምቼ ኦክስጅኑ ሥር ዓይኔን ጨፈንኩ።

በአምቡላንስ ድሬዳዋ ወሰዱን። ትንፋሼ እየተመለሰ ሳለ ምጡ መጣ። ልጄ ጸጋ ያለ ጊዜዋ ተወለደች። ስትወለድ አላለቀሰችም፤ እነሱ ሲሠሩባት እኔ ጣሪያውን አያለሁ። ቆይታ አንድ ቀጭን ድምፅ አሰማች፣ የድመት ግልገል የመሰለ፤ ይዘዋት ወደ ማሞቂያ ክፍል ሄዱ። ስትሄድ ያየሁት እግሯን ብቻ ነው። የእግሯ ጫማ ከአውራ ጣቴ ብዙም አይበልጥም ነበር።

በማግስቱ እኔን የምትከታተለው ሐኪም መጣች። ኃይሉ አጠገቤ ቆሟል።

«የሚያበርደውን፣ ቡናማውን ፓፍ፣ በየቀኑ ትወስጂ ነበር?» አለችኝ።

ኃይሉ ከእኔ ቀድሞ፣ «በደንብ! እኔ ነኝ እየፈለግኩ የማመጣላት» አለ። ፊቱ ላይ ኩራት ነበር። እኔም «አዎ» አልኩ።

ወጥቶ ከእናቱ ጋር በስልክ ተነጋግሮ ሲመለስ ፊቱ ጠቁሯል። «እማዬ ያን ቅል ሰባበረችው። እህል አልቀምስም ብላለች። የልጅ ልጄን በጭስ ገደልኳት እያለች ነው» አለኝ። «አልሞተችም ብላት አትሰማኝም።»

ይህን ስጽፍ እጄ የሚከብደኝ እዚህ ላይ ነው። አንድ ቃል ብናገር እሳቸው እህል ይቀምሱ ነበር። አልተናገርኩም። ከሰው ሁሉ ይልቅ የምፈራው የኃይሉን ፊት ነበር።

በየቀኑ ጸጋን ደረቴ ላይ ያስተኙልኛል፤ ቆዳ ለቆዳ፣ በእኔ ሙቀት እንድትሞቅ። ጆሮዋ እዚያው ሲር የሚለው ቦታ ላይ ያርፋል። ያ ድምፅ ያስፈራት ይሆን እያልኩ ትንፋሼን ለመያዝ እሞክር ነበር። ነርሷ አይታኝ፣ «እንደ ልብሽ ተንፍሺ እንጂ! እሷ ያንቺን ትንፋሽ ሰምታ ነው ያንን የምትከተለው» አለችኝ።

ሐኪሟ በሌላ ቀን ስትመጣ ካርዴን ይዛ አሰበች። «ቡናማውን በትክክል እየወሰድሽ እንዲህ ከሆንሽ፣ አስምሽ ከባድ ዓይነት ነው ማለት ነው። መድኃኒቱን ከፍ እናደርጋለን፤ የሚዋጥ ስቴሮይድም በየቀኑ እንጨምራለን። እሱ ደግሞ ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ አጥንትም፣ ስኳርም ይነካል፣ ግን አማራጭ የለንም» አለችኝ።

እስክሪብቶዋን አነሳች። ኃይሉ በሩ ጋ ነበር።

«ዶክተር» አልኳት፣ «አልወስድም ነበር። ከእርግዝናዬ መጀመሪያ ጀምሮ አቁሜዋለሁ።»

ኃይሉን አላየሁትም። ሐኪሟ እስክሪብቶዋን አስቀመጠችና አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«ለምን?»

«ለእሷ ብዬ።»

አልተቆጣችኝም። ብትቆጣኝ ይቀለኝ ነበር። «በጣም ብዙ እናቶች እንዲህ ያደርጋሉ» አለችኝ። «ግን ስሚኝ። ከፓፉ ወደ ልጁ የሚደርሰው እጅግ ትንሽ ነው፤ ለዓመታት እርጉዞች ሲወስዱት የኖሩት መድኃኒት ነው። ልጅሽ ስትተነፍስ የነበረው ደግሞ ባንቺ ሳምባ ነው። ሌላ ሳምባ አልነበራትም። መድኃኒቱን ስታቆሚ ያ የመከላከያ ሕዋስሽ ሁሉ ተመልሶ መጣ፣ የአየር ቧንቧሽ አበጠ፣ ጠበበ። ጭሱ የመጨረሻዋ ክብሪት ናት እንጂ ማገዶው ቀድሞ ተከምሯል።»

«ያለ ጊዜዋ የተወለደችው በዚህ ነው?»

«ያለ አስምም ያለ ጊዜው የሚወለድ አለ። እርግጠኛ ሆኜ ልነግርሽ አልችልም። ግን የጠቀማት ነገር አይደለም።»

ያ «እርግጠኛ ሆኜ ልነግርሽ አልችልም» የሚለው እስከ ዛሬ አብሮኝ አለ። ጥፋተኛ ነሽ ብትለኝ ንስሐ እገባበት ነበር። ነፃ ነሽ ብትለኝም አርፍ ነበር።

ሐኪሟ ስትወጣ ኃይሉ መስኮቱ ጋ ሄዶ ቆመ። «በፀሐይ ድሬዳዋን ዞሬ ነው የፈለግኩት» አለ በመጨረሻ። ከዚያ ወጥቶ ምሳ አመጣልኝ።

ለእማማ ዘነበች በስልክ መንገር አልፈለግኩም። ኃይሉ ሄዶ አመጣቸው። ነጠላቸው ውስጥ ጠፍተው፣ ጉንጫቸው ገብቶ መጡ። እግሬ ላይ ሊወድቁ ጎንበስ ሲሉ እጃቸውን ያዝኩ።

«እማማ፣ እርስዎ አይደሉም። መድኃኒቴን አቁሜ ነበር። ለማንም አልነገርኩም። ጭሱ ባያገኘኝም በሌላ ነገር ይነሳብኝ ነበር።»

ዓይኔን ትክ ብለው አዩኝ። ያለቅሳሉ ብዬ ነበር፤ አላለቀሱም።

«ቅሉስ ይሁን» አሉ። «ቅል ይገኛል። እኔ ግን ይሄን ሁሉ ቀን ነፍሰ ገዳይ ሆኜ ሰነበትኩ እኮ፣ ልጄ። አንቺ እያወቅሽ።»

«ይቅር ይበሉኝ።»

ይቅር ብዬሻለሁ አላሉኝም። ነጠላቸውን አጣጥፈው አስቀመጡ፣ እጃቸውን ታጠቡ፣ «ልጅቷ የታለች?» አሉ። ጸጋን ደረታቸው ላይ ሲያስተኟት እንዴት እንደሚያዝ ነርሷ ልታሳያቸው ስትል፣ «አውቃለሁ» ብለው አቋረጧት። ከዚያ በኋላ እኔ ስደክም በየተራ ያዝናት። ብዙ ቀን ከእኔ ጋር ስለ ወተትና ስለ ጨርቅ ካልሆነ አላወሩም። ይገባኝ ነበር።

ቡናማውን ድሬዳዋ እያለሁ ጀመርኩ። የሚዋጠው ለጥቂት ጊዜ ብቻ ሆኖ ቀረ። እንደ መጀመሪያው ጊዜ ደረቴ ቀስ እያለ ተከፈተ። ደረቴ ሲከፈት ደስ አላለኝም። በእያንዳንዱ የሞላ ትንፋሽ፣ «ይሄን ያህል ቀላል ነበር ማለት ነው?» እላለሁ።

ጸጋ ዘግይታ ተቀመጠች፣ ዘግይታ ሄደች፣ ዘግይታ ተናገረች። ሌሎች እናቶች «ልጅሽ ስንት ዓመቷ ነው?» ብለው ሲጠይቁኝ ከመለስኩ በኋላ ፊታቸው ላይ የሚመጣውን ነገር አውቀዋለሁ። አሁን ግን ጸጋ በሆዳን ሱቅ ውስጥ ስትውል በአማርኛም በሶማልኛም አፏ አያርፍም። መነጽር ታደርጋለች። ሆዳን፣ «ይህቺ ልጅ ዶክተር ናት፣ መነጽሩን ቀድማ ነው ያመጣችው» ትላለች።

እህቶቼ፣ የምለምናችሁ አንድ ነገር ብቻ ነው። አግዳሚ ላይ የሰማችሁትን፣ ስልክ ላይ ያያችሁትን፣ ፍርሃታችሁንም ቢሆን ይዛችሁ ሐኪም ፊት ስትቀመጡ «የለም» አትበሉ። ጠይቁ። መድኃኒት ለማቆም ካሰባችሁ፣ ሳታቆሙ ተናገሩ። የማይታወቃችሁ መድኃኒት አይሠራም ማለት አይደለም። ቤት ውስጥ የሚያምናችሁ ሰው ካለ ደግሞ ብቻችሁን አትቻሉት። እኔ ብቻዬን የቻልኩ መስሎኝ ሁላቸውንም አስቻልኳቸው።

ሁለተኛ ልጅ አልፈልግም ብዬ ነበር። ሳረግዝ የመጀመሪያ ስሜቴ ፍርሃት ነው፤ ቀጥሎ ሄጄ ለኃይሉም፣ ለሐኪሙም፣ ለእማማ ዘነበችም በአንድ ቀን ነገርኩ። እማማ ዘነበች ከኤረር በየጠዋቱ ይደውላሉ። ሰላምታም የለም።

«ሳብሽ?»

«ሳብኩ እማማ።»

«ተጉመጠመጥሽ?»

«ተጉመጠመጥኩ።»

«በይ ደህና ዋይ።» ይዘጉታል።

ዘጠኝ ወር ሙሉ ሰማያዊውን ያስፈለገኝ ጥቂት ጊዜ ነው። ወንድ ልጅ ጅግጅጋ ተወለደ፣ ቀኑን ጠብቆ። ሲወጣ ግድግዳ የሚሰነጥቅ ጩኸት ጮኸ፤ አዋላጇ ሳቀች። ሞልቶ፣ ቀልቶ፣ ጉንጩ ተነፍቶ እቅፌ ላይ ሲያስቀምጡት ክብደቱ አስደነገጠኝ። ሁሉም «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ሲሉኝ ድምፄን አውጥቼ አለቀስኩ። የደስታ መሰላቸው። ደስታም ነበር። ግን ልጅ እንዲህ ሆኖ እንደሚወለድ ያየሁት ያኔ ነው፤ ጸጋም እንዲህ መምጣት ትችል እንደነበር በክንዴ የመዘንኩት ያኔ ነው።

እማማ ዘነበች ጸጋን እጇን ይዘው አስገቧት። አልጋው ላይ ወጥታ መነጽሯን አስተካክላ ወንድሟን ከእግሩ እስከ ራሱ አየችው።

«እኔም እንደዚህ ትልቅ ነበርኩ?» አለችኝ።

ኃይሉ ወደ መሬት አየ። እማማ ዘነበች እኔን አዩ።

«አይ የኔ እናት» አልኳት፣ «አንቺ በጣም ትንሽ ነበርሽ።»

«ለምን?»

«እናትሽን ትንፋሽ አጥሯት ነበር።»

አሰበች። «አሁንስ?»

«አሁን አላጠረኝም።»

በመልሱ የረካች መሰለች፤ ወደ ወንድሟ ጣቶች ተመለሰች። «ለምን አጠረሽ?» ብላ አልጠየቀችኝም። እማማ ዘነበች አልጋው ላይ አጠገቤ ተቀመጡና ለመጀመሪያ ጊዜ ራሴን ወደ ትከሻቸው ሳቡት።

«ስትጠይቅሽ ትነግሪያታለሽ» አሉኝ ቀስ ብለው። «እኔም አጠገብሽ እሆናለሁ።»